በ19 ዓመቷ ወደ ክፍል የተመለሰችው ሻምፒዮን፦ የአልቲያ ጊብሰን ሕይወት

በየዓመቱ የምዝገባ ወቅት ሲደርስ በቢሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ይደጋገማል። እናት ወይም አጎት ሰነዶችን በፌስታል ይዘው ይገባሉ፤ ከኋላቸው ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይከተላቸዋል። በጉዞ፣ በሥራ ወይም በመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ ሁለት ሦስት ዓመት ትምህርት አምልጦታል። የምደባ ፈተና ተፈትኖ የሚገባበት ክፍል ሲነገረው ፊቱ ይለወጣል። «ከነዚህ ሕፃናት ጋር አልቀመጥም» ይላል። አንዳንዱ ከብዙ ምክር በኋላ ይመዘገባል፤ አንዳንዱ ግን ከበሩ እንደወጣ አይመለስም።

ለዘንድሮው የዓመት መጽሔታችን ስለ ስፖርት አንድ ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ስጠየቅ ወዲያው ትዝ ያለችኝ አሜሪካዊቷ የቴኒስ ተጫዋች አልቲያ ጊብሰን ናት። ብዙ ሰው የሚያውቃት በዓለም ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች ዋንጫ ያነሳች የመጀመሪያዋ ጥቁር በመሆኗ ነው። እኔ ግን እንደ መምህር ከሁሉ ይበልጥ የማስባት በ19 ዓመቷ ከልጆች ጋር 10ኛ ክፍል ለመቀመጥ የወሰነችበትን ቀን ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

ከጥጥ እርሻ ወደ ሃርለም

አልቲያ ኦገስት 25 ቀን 1927 በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍል፣ በሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ሲልቨር በምትባል የገጠር ቦታ ተወለደች። ወላጆቿ ዳንኤልና አኒ ጊብሰን በሌላ ሰው መሬት ላይ ጥጥ እያመረቱ ምርቱን ከባለመሬቱ ጋር የሚካፈሉ የእኩል አራሾች ነበሩ። ኑሮው አልገፋ ሲላቸው በ1930 ቤተሰቡ ወደ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ሃርለም ወደሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተዛወረ። ይህ የአንድ ቤተሰብ ስደት ብቻ አልነበረም። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡብ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ፈልሰዋል። የሸሹት ድህነትን ብቻ ሳይሆን በሕግ የጸናውን የዘር መድልዎ ጭምር ነው።

በሃርለም ጊብሰኖች የኖሩበት መንደር በ143ኛው ጎዳና ላይ ነበር። በፖሊስ የሚደገፍ አንድ የወጣቶች ስፖርት ማኅበር መንገዱን የልጆች መጫወቻ አድርጎት ስለነበር ቀን ቀን ለመኪና ይዘጋ ነበር። ልጆቹ እዚያ የሚጫወቱት በእንጨት መምቻ የሚመታ፣ ከቴኒስ ያነሰ ሜዳ ያለው ጨዋታ ነው። አልቲያ በዚህ ጨዋታ የሚስተካከላት ጠፋ። በ1939፣ ገና በ12 ዓመቷ፣ የኒው ዮርክ ከተማ የሴቶች ሻምፒዮን ሆነች።

ትምህርት ቤትን ግን አልወደደችውም። ከክፍል እየቀረች ሲኒማ ትገባለች፣ መንገድ ለመንገድ ትዞራለች፣ ከልጆች ጋር ትደባደባለች። አባቷ ራሷን እንድትከላከል ብሎ ቦክስ አስተምሯታል። ያው አባት ስትቀር ክፉኛ ይመታት ነበር። ዱላው ወደ ክፍል አልመለሳትም፤ ይልቁንም ከቤት አሸሻት። በ13 ዓመቷ ትምህርቷን አቋረጠች፤ ለተወሰነ ጊዜም ቤታቸው ለማይመቻቸው ልጆች በተዘጋጀ መጠለያ ውስጥ ኖረች። ወላጆች ይህችን ነጥብ ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ልጅ ከትምህርት የሚሸሽበትን ምክንያት ሳይጠይቁ መቅጣት ልጁን ከትምህርት ቤቱም ከቤቱም ሊያሳጣን ይችላል።

የሰፈሩ መዋጮ

በዲ ዎከር የሚባል ሙዚቀኛ በበጋው ወራት በዚያ ጎዳና የልጆቹን ጨዋታ ይቆጣጠር ነበር። ልጅቱ ኳስ ስትመታ አይቶ ያገለገለ የቴኒስ ራኬት ገዛላት። ቴኒስ ግን ራኬት ብቻ አይበቃውም፤ ሜዳ፣ አሠልጣኝና የክበብ አባልነት ይፈልጋል። ያ ሁሉ ደግሞ ገንዘብ ነው። በ1940 የሰፈሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው በሃርለም በሚገኝ የጥቁሮች ቴኒስ ክበብ አባል እንድትሆንና እንድትሠለጥን አደረጓት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረታችን ሃርለምም ይሠራል ማለት ነው።

በክበቡ የተቀበላት ፍሬድ ጆንሰን የሚባል አንድ ክንድ ብቻ ያለው አሠልጣኝ ነው። እግር የት እንደሚቆም፣ ኳስ እንዴት እንደሚለጋ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ንዴትን ዋጥ አድርጎ መጫወት እንዴት እንደሚቻል ያስተማራት እሱ ነው። ይህ የመጨረሻው ትምህርት ቀላል አልነበረም። በጎዳና ላይ ያደገችው ልጅ የሚሸነፍና የሚያሸንፍ የሚጨባበጡበትን ጨዋታ ለመልመድ ጊዜ ፈጅቶባታል።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ሁለት የቴኒስ ዓለሞች ነበሩ። የነጮቹ ማኅበር ጥቁሮችን ስለማያስገባ ጥቁሮቹ በ1916 የራሳቸውን የአሜሪካ ቴኒስ ማኅበር መሥርተው የራሳቸውን ሻምፒዮና ያካሂዱ ነበር። አልቲያ በ1944 እና በ1945 የዚህ ማኅበር የልጃገረዶች ሻምፒዮን ሆነች።

የሁለቱ ሐኪሞች ጥያቄ

በ1946 አልቲያ በዚሁ ማኅበር የአዋቂ ሴቶች ውድድር ለፍጻሜ ደርሳ ተሸነፈች። ከተመልካቾቹ መካከል ሁለት ጥቁር ሐኪሞች ነበሩ፤ ዶክተር ሁበርት ኢተን ከሰሜን ካሮላይና፣ ዶክተር ሮበርት ዋልተር ጆንሰን ከቨርጂኒያ። ሁለቱም ለቴኒስ ከነበራቸው ፍቅር የተነሳ በግቢያቸው ሜዳ አሠርተው ነበር። ሌሎች ሽንፈቷን ሲያዩ እነሱ ያዩት ገና ያልተገራ ትልቅ ችሎታ ነበር። ስለ ትምህርቷ ሲጠይቋት ሁለተኛ ደረጃን እንኳ እንዳልጨረሰች ነገረቻቸው።

ሐኪሞቹ ያቀረቡላት ሐሳብ ይህ ነው። በትምህርት ወራት ዊልሚንግተን ከተማ ከዶክተር ኢተን ቤተሰብ ጋር እንደ ቤት ልጅ ትኖራለች፣ ትማራለች፣ በግቢው ሜዳ ትለማመዳለች። በዕረፍት ወራት ደግሞ ከዶክተር ጆንሰን ጋር እየሆነች ከውድድር ወደ ውድድር ትጓዛለች። ልብ በሉ፤ ትምህርቱ ለቴኒሱ የተከፈለ ማባበያ አልነበረም። ሐኪሞቹ ሁለቱን አንድ ላይ ነበር ያቀረቡላት።

አልቲያ ወዲያው እሺ አላለችም። 19 ዓመት ሞልቷታል፤ በኒው ዮርክ ሠርታ የምትበላ፣ ማንም የማያዛት ሰው ሆናለች። ወደ ደቡብ መመለስ ማለት ደግሞ ወላጆቿ የሸሹትን መድልዎ ተመልሶ መጋፈጥ ነው። ወዳጇ የነበረው ስመ ጥሩው ቦክሰኛ ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ግን ትምህርቱን እንድትቀበል መከራት። እሷም ሄደች።

በዊልሚንግተን የከተማ አውቶቡስ ስትሳፈር ጥቁሮች ከኋላ እንዲቀመጡ የሚያዝ ምልክት ጠበቃት። የሕዝብ ቴኒስ ሜዳዎቹም ለጥቁሮች ዝግ ስለነበሩ የዶክተር ኢተን ግቢ ባይኖር መለማመጃ አልነበራትም። በትምህርት ቤት ተፈትና 10ኛ ክፍል ተመደበች። አብረዋት የሚማሩት ልጆች በዕድሜ ሦስት አራት ዓመት ያንሷታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንደተሰማት ተመሳሳይ ቦታ ላይ የተቀመጠ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ሆኖም አልወጣችም። በቅርጫት ኳስ ቡድኑ ተጫወተች፣ በትምህርት ቤቱ ባንድ ሳክስፎን ነፋች፣ ያመለጣትን ትምህርት አንድ በአንድ ሞላች። በ1949 ሁለተኛ ደረጃን አጠናቀቀች፤ ወዲያውም በስፖርት ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ1953 ተመረቀች። በነዚሁ ዓመታት በጥቁሮቹ ማኅበር ሻምፒዮና ላይ የሚያሸንፋት አልተገኘም፤ ከ1947 እስከ 1956 ለ10 ተከታታይ ዓመታት ዋንጫውን ወስዳለች።

የተዘጋ በር እንዴት ይሠራል?

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ «ጥቁር መግባት ክልክል ነው የሚል ሕግ ነበረ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። የሚገርመው በ1950 በአሜሪካ ብሔራዊ የቴኒስ ሻምፒዮና ደንብ ላይ እንዲህ የሚል አንቀጽ አልነበረም። አሠራሩ የተሸሸገ ነበር። ለሻምፒዮናው ለመብቃት አስቀድሞ በሌሎች ውድድሮች ነጥብ ማግኘት ያስፈልጋል። ውድድሮቹ የሚካሄዱት በግል ክበቦች ነው። ክበቦቹ የሚያስገቡት የጋበዙትን ነው። ጥቁርን የሚጋብዝ ክበብ አይገኝም። ስለዚህ ማንም «አትገቢም» ሳይላት አልቲያ ከውጭ ትቀራለች።

ይህን ዝምታ የሰበረችው ነጭ ተጫዋች ናት። አሊስ ማርብል የአሜሪካን ሻምፒዮና 4 ጊዜ፣ ዊምብልደንን አንድ ጊዜ ያሸነፈች ዝነኛ ሰው ነበረች። በጁላይ 1950 በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ ባወጣችው ጽሑፍ የራሷን የስፖርት ወዳጆች በግልጽ ወቀሰች። የሐሳቧ ፍሬ ነገር አልቲያ በችሎታዋ ትለካ፣ ብትሸነፍም ሜዳ ላይ ትሸነፍ፣ ዕድሉን መከልከል ግን ለጨዋታው ነውር ነው የሚል ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ። በዚያው ዓመት ኦገስት ወር፣ 23 ዓመት በሞላት ሰሞን፣ አልቲያ በኒው ዮርክ ፎረስት ሂልስ ሜዳ በብሔራዊ ሻምፒዮናው የተጫወተች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሆነች።

ከነጎድጓዱ እስከ ዋንጫው

የመጀመሪያውን ግጥሚያ በቀላሉ አሸነፈች። በሁለተኛው የገጠማት የዚያ ዓመት የዊምብልደን ሻምፒዮን ሉዊዝ ብራፍ ነበረች። በሴቶች ቴኒስ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ ያሸንፋል፤ አንድ ዙር ለመውሰድ ቢያንስ 6 ጌም ማሸነፍና በሁለት ጌም መብለጥ ያስፈልጋል። ዛሬ ሁለቱ 6 ለ6 እኩል ሲሆኑ መለያ ይደረጋል፤ በዚያ ዘመን ግን የሁለት ጌም ልዩነት እስኪመጣ ድረስ ጨዋታው ይቀጥል ነበር። ብራፍ አንደኛውን ዙር 6 ለ1፣ አልቲያ ሁለተኛውን 6 ለ3 ወሰዱ። በሦስተኛው አልቲያ 7 ለ6 ትመራ ነበር፤ አንዲት ጌም ብቻ ቀርታታለች። በዚህ ጊዜ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብና ነጎድጓድ ወረደ። መብረቁ በስታዲየሙ አናት ላይ ከነበሩት የድንጋይ ንስሮች አንዱን መትቶ ጣለው። ጨዋታው ለማግስቱ ተላለፈ። ሌሊቱን ስታስብ ያደረችው አልቲያ በማግስቱ ሦስት ጌም በተከታታይ ተሸንፋ 9 ለ7 ተረታች።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ብዙ ሰው «ለጥቂት ነው» ብሎ ይረሳት ነበር። የቀጣዮቹ ዓመታት ጉዞ አዝጋሚ ነው። በ1951 በዊምብልደን ተጫወተች፤ ግን ሩቅ አልሄደችም። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች በኋላ በሚዙሪ ግዛት ሊንከን ዩኒቨርሲቲ የሰውነት ማጎልመሻ መምህርት ሆና ሠራች። ቴኒሱ አላዋጣ ስላላት ትታው ወደ ጦር ሠራዊት ለመግባት እስከማሰብ ደርሳ ነበር። በ1955 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ለወዳጅነት ጉብኝት ወደ እስያ ሲልካት በየሀገሩ ያደረገቻቸው ግጥሚያዎች በራስ መተማመኗን መለሱላት።

በ1956 በፓሪስ የፈረንሳይን ሻምፒዮና አሸነፈች። በዓለም አራቱ ታላላቅ የቴኒስ ውድድሮች በነጠላ ጨዋታ ዋንጫ ያነሳ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሷ ናት። በዚያው ዓመት በፈረንሳይም በዊምብልደንም የጥንድ ዋንጫ የወሰደችው ከእንግሊዛዊቷ አንጄላ በክስተን ጋር ነበር። በክስተን አይሁዳዊት በመሆኗ እሷም በየክበቡ ፊት ተነስቷታል። ሁለቱ የተገፉ ሴቶች እንዲህ ተገናኙ።

ጁላይ 6 ቀን 1957 አልቲያ በዊምብልደን ፍጻሜ ዳርሊን ሃርድን 6 ለ3 እና 6 ለ2 አሸነፈች። ዋንጫውን ከንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ እጅ ተቀበለች። ወደ ኒው ዮርክ ስትመለስ ከተማዋ በብሮድዌይ ጎዳና ላይ በወረቀት ብጥስጣሽ ዝናብ ተቀበለቻት፤ በክፍት መኪና ሆና ሕዝቡን እጅ ነሳች። ያ በልጅነቷ ከክፍል ቀርታ የዞረችበት ከተማ ነው። በዚያው ዓመት በፎረስት ሂልስ የአሜሪካን ሻምፒዮና አሸነፈች። በፍጻሜው የረታቻት ከሰባት ዓመት በፊት በነጎድጓዱ ማግስት ያሸነፈቻት ራሷ ሉዊዝ ብራፍ ነበረች። በ1958 ሁለቱንም ዋንጫዎች ደገመች። በአጠቃላይ 5 የነጠላ፣ 5 የጥንድና 1 የቅይጥ ጥንድ፣ በድምሩ 11 ታላላቅ ዋንጫዎችን ሰብስባለች።

ዋንጫ እንጀራ በማይሆንበት ዘመን

በ1958 መጨረሻ አልቲያ ከነዚህ ውድድሮች ራሷን አገለለች። አንባቢ ለምን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ገንዘብ ነው። በዚያን ጊዜ ታላላቆቹ ውድድሮች የሚፈቀዱት ለአማተሮች ብቻ ስለነበር ለአሸናፊው ክብርና ዋንጫ እንጂ የገንዘብ ሽልማት አልነበረም። ንግሥት የጨበጠቻት ሻምፒዮን የቤት ኪራይ ይቸግራት ነበር። ስለዚህ ፕሮፌሽናል ሆና በታዋቂው የሃርለም ግሎብትሮተርስ የቅርጫት ኳስ ትርኢት ማሟሻ ላይ ቴኒስ እያሳየች ተዘዋወረች። ዘፈነች፤ ፊልም ላይ ሠራች። በ1964 ደግሞ የፕሮፌሽናል ሴቶች ጎልፍ ማኅበር የመጀመሪያዋ ጥቁር ተጫዋች ሆነች። እዚያም ወደ ክበቡ ሕንፃ መግባት ተከልክላ ጫማዋን መኪና ውስጥ የቀየረችባቸው ጊዜያት ነበሩ።

ዊምብልደን ለፕሮፌሽናሎች የተከፈተው በ1968 ነው። የዚያ ዓመት የሴቶች አሸናፊ 750 ፓውንድ አገኘች። በ2023 ያሸነፈችው ደግሞ 2 ሚሊዮን 350 ሺህ ፓውንድ ወስዳለች። አልቲያ በሩን ከፈተች፤ ከበሩ በስተጀርባ የነበረውን ሀብት ግን አልደረሰችበትም።

የተማረችው ትምህርት ግን ሥራ ሰጥቷታል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኒው ጀርሲ ግዛት በስፖርትና በመዝናኛ አስተዳደር አገለገለች፤ የግዛቱ የስፖርት ኮሚሽነርም ሆና ተሾመች። ይህም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አልሆናትም። በ1990ዎቹ ታማ፣ የመድኃኒትና የኪራይ ገንዘብ አጥታ ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ስልክ የደወለችው ለጥንት የጥንድ ጓደኛዋ ለአንጄላ በክስተን ነው። በክስተን ችግሯ በአንድ የቴኒስ መጽሔት ላይ እንዲወጣ አደረገች፤ ከልዩ ልዩ አገሮች የእርዳታ ገንዘብ ጎረፈ። አልቲያ ሴፕቴምበር 28 ቀን 2003 በ76 ዓመቷ አረፈች። በልጅነቷ በጎረቤት መዋጮ የጀመረችው ጉዞ በስተርጅናም በሰዎች መዋጮ ተደገፈ።

ከእሷ በኋላ በአሜሪካ ሻምፒዮና በነጠላ ያሸነፈች ጥቁር ሴት እስኪገኝ 41 ዓመት ፈጅቷል፤ እሷም በ1999 ሴሬና ዊሊያምስ ናት። በሚቀጥለው ዓመት እህቷ ቪነስ ዊምብልደንን ወሰደች። በ2019 የአሜሪካ ሻምፒዮና በሚካሄድበት ግቢ የአልቲያ ሐውልት ተመረቀ።

ለእኛ ትምህርት ቤት

ተማሪዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ «ሁላችሁም ሻምፒዮን ትሆናላችሁ» የሚል የሐሰት ተስፋ አልሰጣችሁም። አልቲያ ራሷ ሻምፒዮንነት ብቻውን እንደማያኖር አይታዋለች። የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ከመቅረት መዘግየት ይሻላል። በ1946 ከልጆች ጋር መቀመጥን እንደ ውርደት ቆጥራ ሃርለም ብትቀር ኖሮ፣ የሁለቱ ሐኪሞች ሜዳም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ፎረስት ሂልስም አይኖሩም ነበር። የሦስት ዓመት ዕፍረት አለፈ፤ ትምህርቱ ግን ዕድሜ ልኳን አብሯት ኖረ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ ኳስ የሚወድ ከሆነ ኳሱን ከደብተሩ ጋር አታጣሉበት። ሐኪሞቹ ሁለቱን በአንድ ቤት ውስጥ እንዳስታረቋቸው እኛም እንሞክር። ገንዘብ ከሌለን ጊዜ እናዋጣ፤ በዲ ዎከር መጀመሪያ የሰጣት ያገለገለ ራኬት ነበር።

የሥራ ባልደረቦቼ፣ ለእኛ የቀረው ጥያቄ ከበድ ይላል። በደንባችን ላይ «ዕድሜው ያለፈ አይገባም» የሚል አንቀጽ የለም። ነገር ግን ረጅሙ ልጅ የመጀመሪያ ቀን ክፍል ሲገባ የምንናገረው ቀልድ፣ የምንሰጠው አነስተኛ ወንበር፣ በስም ጥሪ ላይ «አንተ ትልቁ» ማለታችን የተሸሸገ ክልከላ ሊሆን ይችላል። በመጪው የምዝገባ ወቅት አንገቱን ደፍቶ የሚገባ ልጅ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ ስለ አልቲያ እነግረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ለእግሩ የሚበቃ ወንበር ከየትም ፈልገን እንድናዘጋጅለት ከአሁኑ አደራ እላለሁ።